ለማይናገር ሕፃን ማን ይመስክር?



በሸሪዓችን ምስክርነት ከባድ አማና መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ምስክር ያየውን ካላየው እንዳይቀላቅል፣ ያወቀውንም እንዳይደብቅ ግዴታ አለበት። ይህን ጉዳይ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ገንዘብ ክርክር፣ ስለ ኒካሕና ስለ ውርስ ስንነጋገር ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ቃዲ በሌለበት፣ መሐላም በማይጠየቅበት ክፍል ውስጥ ስለሚሰጥ ምስክርነት ነው። ይኸውም አንድ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ጆሮው በመሣሪያ ተመርምሮ፣ በወረቀት ላይ የወጣውን መስመር አንብቦ «ልጃችሁ ይሰማል» ወይም «ልጃችሁ አይሰማም» የሚለው ባለሙያ የሚሰጠው ቃል ነው። ሥራዬ እንዲህ ያለውን መስመር ማንበብ ስለሆነ ነገሩን ከሩቅ ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ አንባቢው ከዚያ ወረቀት ላይ ተነስቶ ምን ያህል ርቆ የመናገር መብት አለው?

በቅድሚያ ምርመራው ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ሳይገባን የምንፈራው ወይም ሳይገባን የምናምነው ነገር ሁለቱም አይጠቅሙንምና።

ሙሉ ስሙ የአንጎል ግንድ የመስማት ምላሽ ምርመራ ነው። በሐኪም ቤት ግን ሁሉም የሚጠራው ኤቢአር በሚለው አሕጽሮት ነው። በሰው ላይ በሚገባ ተተንትኖ የቀረበው ዶን ጁዌትና ጆን ዊሊስተን እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 ባሳተሟቸው ጥናቶች ሲሆን፣ በ1974 ደግሞ ከርት ሄኮክስና ሮበርት ጋላምቦስ ለሕፃናት እንደሚያገለግል አሳዩ። አሠራሩም እንዲህ ነው። በሕፃኑ ግንባርና ከጆሮዎቹ ኋላ ትናንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ። በጆሮው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል አጭር ድምፅ ይለቀቃል። ድምፁ የውስጥ ጆሮን አልፎ በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ሲወጣ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከራስ ቅሉ ላይ ይለቀማል። ይህ እንቅስቃሴ ከአንድ ማይክሮቮልት፣ ማለትም ከአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ እጅ ያነሰ ነው። ሕፃኑ ቢያለቅስ፣ ቢጠባ ወይም አንገቱን ቢያዞር የጡንቻው ኤሌክትሪክ ይውጠዋል። ስለዚህ መተኛት አለበት፤ ድምፁም ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ነው ጉብታዎቹ የሚታዩት። ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ዋናው አምስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ድምፁ እየደከመ ሲሄድ ሌሎቹ እየጠፉ እሱ መጨረሻ ድረስ ይቆያል። አምስተኛው ጉብታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት የድምፅ መጠን የምላሹ ደፍ ይባላል፤ በዴሲቤልም ይለካል።

እዚህ ላይ ገና ከጅምሩ አንድ ፍትሕ የሚጠይቅ ነገር አለ። በጠንካራ ድምፅ የጎልማሳ ሰው አምስተኛ ጉብታ ድምፁ በተለቀቀ በአምስት ሚሊሴኮንድ ተኩል ገደማ ይመጣል። የአራስ ሕፃን ግን ወደ 7 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል። ነርቩ ገና አልበሰለምና ዘግይቶ መድረሱ ጤንነት እንጂ ሕመም አይደለም። ልጁ ወደ ጎልማሳው ልክ የሚደርሰው በ18 ወርና በሁለት ዓመት መካከል ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ዕድሜው ሲቆጠር የጎደሉት ሳምንታት ሊታሰቡለት ይገባል። ሕፃንን በአባቱ ሚዛን የሚመዝን አንባቢ፣ መሣሪያው ያልተሳሳተውን እሱ ይሳሳታል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ይህ ምርመራ መስማትን ይለካልን? አይለካም። መስማት ማለት ድምፁን ማወቅ፣ የእናትን ድምፅ ከእንግዳ ድምፅ መለየት፣ ሲጠሩት ማዳመጥ ነው። ኤቢአር የሚያሳየው የነርቩ ጭረቶች በአንድ ቅጽበት እኩል ሲነሱ የተዉትን ዱካ ብቻ ነው። በጭቃ ላይ የሰው ኮቴ ያየ መንገደኛ «በዚህ ሰው አልፏል» ቢል እውነት ተናገረ። «ያለፈው እገሌ ነው፤ ወደ መስጂድ ነበር የሚሄደው» ቢል ግን ካየው በላይ ተናገረ። ዑለማዎች ቀሪናንና የዓይን ምስክርን ለይተው ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀሪና ይረዳል፤ አንዳንዴም ይበቃል፤ ነገር ግን ራሱ ነገሩ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ በሐለቃ ተቀምጣችሁ የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ቀርታችሁ ይሆናል፤ በወሎም በሐረርም በሻፊዒ መዝሀብ የቀሩ ሰዎች ኪታቡን ያውቁታል። በዚያ የዲያህ ምዕራፍ ላይ አንድ ሰው ተመትቶ መስማቴን አጣሁ ቢል እንዴት እንደሚፈተን ተነግሯል። ተኝቶ ሳለና ሳያስብ በድንገት ይጮኽበታል። ከደነገጠ ውሸቱን ነው። ካልደነገጠ ግን በዚያው አይፈረድለትም፤ ይምላል፤ ከማለ በኋላ ነው ካሣው የሚገባው። መስማት ይመለስለታል የሚል የባለሙያ ተስፋ ካለም ይጠበቃል።

ይህን ስመለከት ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ፉቀሃዎቹ ጆሮን በእንቅልፍ መፈተን ያውቁ ኖሯል። እነሱ እንቅልፍን የመረጡት ሰው ነቅቶ ሳለ ሊያስመስል ስለሚችል ነው፤ የእኛ መሣሪያ ደግሞ የጡንቻውን ሁካታ ስለሚፈራ ነው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ቦታው አንድ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚደንቀኝ ግን ሁለቱን ውጤቶች እኩል አለማየታቸው ነው። መደንገጥ ራሱን ችሎ ይናገራል፤ አለመደንገጥ ግን ብቻውን አይናገርም፤ መሐላ ይጨመርበታል። የነገር መኖርና የነገር አለመታየት አንድ ዓይነት ማስረጃ አይደሉም ማለት ነው። በእኔ ሙያም እንዲሁ ነው። ጉብታው በጥርት ከታየ ድምፁ እስከ አንጎል ግንድ ደርሷል ብዬ በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ። ጉብታው ካልታየ ግን ያልታየበትን ምክንያት ገና መፈለግ አለብኝ። ኤሌክትሮዱ ላልቶ ይሆናል። ሕፃኑ እንቅልፉ ቀልሎ ይሆናል። በመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ድምፁን አዳክሞት ይሆናል፤ ይህ ሲሆን ከመጀመሪያው ጉብታ ጀምሮ ሁሉም ይዘገያሉ፤ ድምፁን በአጥንት በኩል ልኮ ማነጻጸርም ግድ ይሆናል።

ታዲያ ሕፃን አይምልም። በመሐላው ፋንታ ምን ይቁም? እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ጀርገርና ዴቦራ ሄይስ ያስቀመጡት ደንብ አለ፤ በሕፃናት የመስማት ምርመራ የአንድ ምርመራ ውጤት በሌላ ነፃ ምርመራ ሳይረጋገጥ አይጸናም የሚል ነው። እነሱ ይህን ሲሉ ፊቅህ አላነበቡም፤ እኛ ግን ምስክሮች ሁለት ይሁኑ የሚለውን ሕግ እናውቀዋለን። ሁለተኛው ምስክር ዴቪድ ኬምፕ በ1978 ያስተዋወቀው፣ የውስጥ ጆሮ ራሱ የሚመልሰውን ስስ ድምፅ የሚያዳምጥ ምርመራ ሊሆን ይችላል። የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚለካው ምርመራ ሊሆን ይችላል። ልጁ ከፍ ሲል ድምፅ ወደመጣበት ዘወር ማለቱን በሥርዓት ማየትም አለ። እናቲቱም አለች። እናት የምትናገረውን «የእናት ነገር» ብሎ ማለፍ በሙያችን የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ቀንና ሌሊት ከልጁ ጋር የምትውል ሰው ቃሏ ከምስክሮቹ አንዱ ሆኖ መመዝገብ አለበት እላለሁ። በሩ ሲንኳኳ ይነቃል ወይ፣ በአዛን ይደነግጣል ወይ፣ ከኋላው ስትጠራው ይዞራል ወይ፤ እነዚህን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በርግጥ በር ሲዘጋ ወለሉ ይነቃነቃል፤ የማይሰማ ልጅም ንቅናቄው ሊሰማው ይችላል። ምስክር ሁሉ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

አባቶች የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ነው። «ዶክተር» ይሉኛል፣ ዶክተር ባልሆንም፣ «ሌላውን ተወው፤ በአንድ ቃል ንገረኝ፤ ይሰማል አይሰማም?» ጥያቄው የሚገባ ነው። የአንድ ቃል መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ውሸት ይይዛል። «ይሰማል» ብል፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ በይበልጥ የሚፈትነው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ያለውን የድምፅ ክልል ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ጆሮ ቢደክም መስመሩ ያማረ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በየክልሉ፣ በ500፣ በ1000፣ በ2000ና በ4000 ኸርዝ ለየብቻ መለካት ያለበት። በተጨማሪም ምርመራው አንጎል ግንድ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን፣ ድምፁ ቃል የሚሆንበትን ቦታ አያይም። «አይሰማም» ብል ደግሞ፣ መሣሪያው በሚችለው ከፍተኛ ድምፅ ምላሽ አለመገኘቱ ፍጹም መደንቆር አይደለም። በተለይ በዝቅተኛው የድምፅ ክልል ልጁ የቀረው መስማት ሊኖረው ይችላል፤ ያ ቀሪ መስማትም በመስሚያ መሣሪያ ብዙ ሊጠቅመው ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 አርኖልድ ስታርና ባልደረቦቹ የመስማት ነርቭ መታወክ ብለው ስም የሰጡት ሁኔታ ነው። በዚህ ሁኔታ የውስጥ ጆሮው ይሠራል፤ ስሱ ድምፅም ይመለሳል፤ ነርቩ ግን ድምፁን በአንድ ቅጽበት እኩል አያስተላልፍም። ኤቢአሩ ባዶ ይሆናል ወይም ይበላሻል። ልጁ ግን ከዚያ ባዶ መስመር ላይ በመነሳት ሊገመት በማይችል መጠን ይሰማ ይሆናል፤ አንዱ ከሞላ ጎደል ድምፁን ሁሉ ይሰማል፣ ቃሉ ግን ይደባለቅበታል፤ ሌላው ምንም አይሰማም። ጠንቃቃ አንባቢ የድምፁን ግፊት አቅጣጫ ገልብጦ ሁለት ጊዜ ይለካል። መስመሩ አብሮ ከተገለበጠ የታየው ነገር ከውስጥ ጆሮ የመጣ እንጂ የነርቭ ምላሽ አይደለም። ይህን ያላደረገ ሰው ወረቀቱን በቅንነት እያነበበ ሊሳሳት ይችላል። በእንዲህ ያለው ልጅ ላይ ኤቢአር የመስማቱን ልክ አይናገርም፤ ልጁ አድጎ ራሱ እስኪመልስ መከታተል ያስፈልጋል። ብርቱ ቢጫ በሽታ ከያዛቸው አራሶችና ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት መካከል ከወራት በኋላ መስመሩ የተሻሻለላቸው አሉ።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ አንድ ወንድም «እንዲህማ ከሆነ ምርመራው ምን ይረባል? ጥርጣሬያችሁን ለራሳችሁ ያዙት፤ እኛ ልጃችን እስኪናገር እንጠብቃለን» ሊል ይችላል። እኔ የምፈራው ይህን ነው። ጥርጣሬን በሐቀኝነት የተናገረ ባለሙያ፣ ሳይፈልግ ለቸልተኝነት ምክንያት ሊያቀብል ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ባልደረቦቼ ሆን ብለው ከሚያውቁት በላይ አጥብቀው ይናገራሉ፤ ወላጆቹ እንዲንቀሳቀሱ ብለው። ዓላማቸው መልካም ነው። እኔ ግን አልስማማም። ሰውን ወደ መልካም ነገር ለመንዳት የተነገረ ያልተረጋገጠ ቃል፣ ነገሩ በኋላ ሌላ ሆኖ ሲገኝ እምነቱን ሁሉ ይዞ ይወድቃል፤ ያ ቤተሰብም ወደ ምርመራ ክፍል ተመልሶ አይመጣም።

መፍትሔው በራሳችን ኡሱል ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። የቂን ሌላ ነው፤ ገሊበቱ ዘን፣ ማለትም ሚዛን የደፋ ግምት፣ ሌላ ነው። ቂብላ የጠፋበት መንገደኛ የቂን እስኪያገኝ ሶላቱን አያሳልፍም፤ አጥብቆ ይመረምራል፣ ሚዛኑ ወደ ደፋበት ዞሮ ይሰግዳል። ሥራ በሚዛን በደፋ ግምት ይሠራል። ነገር ግን ያ መንገደኛ «ካዕባን አየሁት» አይልም። ከባለሙያው የምፈልገው ይህንኑ ነው። ቃሉ ካየው እንዳያልፍ፤ ምክሩ ግን ያየውን ያህል የፈጠነ ይሁን። «ዛሬ በቀኝ ጆሮ በ70 ዴሲቤል ምላሽ አግኝቻለሁ፤ ከዚያ በታች አላገኘሁም። ይህ ልጁ ንግግር ለመልመድ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በብርቱ ያመለክታል። ያልለካሁት ይህና ይህ አለ። የመስሚያ መሣሪያውን አሁን እንጀምር፤ በሚቀጥለው ወር ያልለካሁትን እለካለሁ» ማለት ይቻላል። አባቱ የአንድ ቃል መልሱን አያገኝም፤ የሚይዘው መንገድ ግን ያገኛል።

መጠበቅ ራሱ ውሳኔ መሆኑን ብዙዎቻችን አንገነዘብም። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሪስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ ከ6 ወር በፊት የመስማት ጉድለታቸው ታውቆ እርዳታ የተጀመረላቸው ሕፃናት ከዚያ በኋላ ከታወቁት በቋንቋ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። በአሜሪካ የሕፃናት መስማት ጥምር ኮሚቴ በ1 ወር ቅድመ ምርመራ፣ በ3 ወር ሙሉ ምርመራ፣ በ6 ወር እርዳታ የሚል መለኪያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አገራችን በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች ናት፤ ከዚያ በሽታ የተረፈ ልጅ የውስጥ ጆሮው በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንትነት መለወጥ ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ በውስጥ ጆሮ የሚተከለውን መሣሪያ ማስገባት ያስቸግራል። ስለዚህ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው»፣ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው» የሚሉ አክስቶችና ጎረቤቶች፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ባያውቁትም ከልጁ ላይ ጊዜ እየወሰዱ ነው።

ቀደርን ስለሚያነሱም አንድ ነገር ልበል። ቀደር ያለፈውን ለመቀበል እንጂ የሚመጣውን ለመተው አልተሰጠንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ሩቅያ የሚያስቀራ ወላጅ ያስቀራ፤ ቁርኣን ከምርመራ ክፍል አያስቀርም፣ ምርመራም ከቁርኣን አያስቀርም። እናትን መውቀስ ግን ከየትኛው ኪታብ እንደመጣ አላውቅም። «በእርግዝናዋ ጊዜ ምን አድርጋ ይሆን» የሚለው ወሬ ብዙ ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁ። ወረቀቱ የምላሹን ደፍ ይናገራል እንጂ ጥፋተኛ አይናገርም።

በቋንቋችንም ያለ አንድ ነገር ያሳስበኛል። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ለማይሰማውም ለማያውቀውም እንጠቀምበታለን። በቁርኣን ደንቆሮዎች ተብለው የተወቀሱት ግን ጆሮ እያላቸው እውነትን ለመስማት እምቢ ያሉት ናቸው፤ ሕፃናት አይደሉም። ፉቀሃዎች የዲዳን ግልጽ ምልክት በሽያጭም በኒካሕም እንደ ንግግር ቆጥረውለታል። እንግዲህ አምስተኛው ጉብታ ባይታይ ልጁ ከቋንቋ ተባረረ ማለት አይደለም። የምልክት ቋንቋ የዓይን ቋንቋ ነው፤ ከመስሚያ መሣሪያ ጎን ለጎን ከመጀመሪያዎቹ ወራት ሊሰጠው ይችላል። አባቱም ቢማረው መልካም ነው። ልጁን መስጂድ ወስዶ ኹጥባውን ሳይተረጉምለት ከሚመልሰው ይሻላል።

በአገራችን የተወለደን ሕፃን ሁሉ የመመርመር አሠራር ገና የለም፤ መሣሪያውም ያለው በጥቂት ቦታዎች ነው። አብዛኞቹ ወላጆች የሚመጡት ልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት ሞልቶት አልናገር ሲል ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በራሱ ብዙም ስለማይተኛልን የማስተኛ መድኃኒት ያስፈልገዋል። መድኃኒቱም ክትትል የሚጠይቅ ነው። ስለሆነም መጥፎ ውጤት የሰማ ቤተሰብ ደስ የሚያሰኝ ቃል ፍለጋ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲዞር ልጁ በከንቱ ደጋግሞ ይደነዝዛል። ሁለተኛ አስተያየት የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ መስመሮቹ ያሉበትን ወረቀት ይውሰድ። ሁለተኛው አንባቢ ያንኑ መስመር ሊያነበው ይችላል፤ ድጋሚ መለካት ካስፈለገም የጎደለውን ብቻ ይለካል።

ብዙ ጊዜ ግን ለወላጅ የሚሰጠው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት መስመር ድምዳሜ ብቻ ነው፤ መስመሮቹ እዚያው መሣሪያው ውስጥ ይቀራሉ። ወላጆች ሆይ፣ እነዚህን ሳትጠይቁ አትውጡ። የትኛው ጆሮ ተለካ? በየትኞቹ የድምፅ ክልሎች? ምላሽ የታየበት ዝቅተኛው ድምፅ ስንት ነው? መካከለኛው ጆሮ ታይቷል ወይ? ድምፁ ተገልብጦ ተለክቷል ወይ? ያልተለካው ምንድን ነው፣ መቼስ ይለካል? መልሱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በምትሰሙት ቋንቋ አስጽፉ፤ ለሥሩም ፊርማ ጠይቁ። ምስክር በፊርማው ይታወቃልና ባለሙያው ይህን ስትጠይቁት ሊቆጣ አይገባውም።